መስኮቱ ሥር ያስቀመጥኩት ሰው

ቆቦ ከተማ ሸክላ ለሚሠሩ ሴቶች ሥልጠና እንድሰጥ ተጠራሁ። ለማሳያ እንዲሆነኝ ወራት የለፋሁበትን የመመረቂያ ሥራዬን፣ የሸክላ ሐውልቴን፣ በሚኒባስ ታቅፌው ሄድኩና የሥልጠናው ክፍል መስኮት ሥር አስቀመጥኩት።

እኔ ያቦካሁት ጭቃ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እየደረቀ ሲሰነጠቅ ዋለ። ሴቶቹ አፍረውልኝ ፊታቸውን አዞሩ። በዕድሜ የሚበልጧቸው እማማ ዘይነብ ብቻ፣ "ልጄ፣ ጭቃህ ገል ይጎድለዋል። የተሰበረ ሸክላ ተወቅጦ ካልገባበት አይጸናም" አሉኝ። እሺ፣ እንፈልጋለን ብዬ ምሳ ልበላ ወጣሁ።

ስመለስ ጭቃው እንደገና ተቦክቶ ጠበቀኝ። ብነካው ሌላ ጭቃ ሆኗል። ደስ ብሎኝ "በሉ፣ አሁን የሰው ቅርጽ አሠራር እናያለን" ብዬ ወደ መስኮቱ ዞር ስል ሐውልቱ የለም። ጠረጴዛ ሥር አየሁ፣ በር ኋላ አየሁ፣ ዘበኛውን ጠየቅኩ።

"ምን ጠፋብህ?" አሉ እማማ ዘይነብ።

"ሰውየው።"

"የትኛው ሰውዬ?"

"እዚህ ያስቀመጥኩት።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ውጭ ወጥታ ግራ ቀኙን አይታ ተመለሰች። እኔም ግራ ገባኝ።

"የሸክላ ሰው ነው፣ እማማ። ክንድ የሚያህል።"

"ኧረ እኛ ሰው አላየንም" አሉ እማማ ዘይነብ፣ እጃቸውን ከጭቃው ሳያወጡ። "እዚያ የነበረው ራስ የለው፣ እጅ የለው፣ እግር የለው። መንገድ ላይ የተሰበረብህ መስሎን ወቀጥነው። ወላሂ፣ እንዴት ያለ ገል ወጣው መሰለህ።"