ትኩስ አሸዋ

ሰፈሩ ሁሉ «አሸዋዬ» ይላታል። ጎረቤቷ መስታወት ቆራጩ እንኳ እውነተኛ ስሟን የሚጠራው ሲናደድባት ብቻ ነው። ሥራዋ ሙሽሮች በሰርጋቸው ቀን የያዙትን አበባ አድርቆ ማኖር ነው። ጽጌረዳውን ከግንዱ ቆርጣ ሳጥን ውስጥ ታቆመዋለች፤ ከዚያ ደቃቅ አሸዋ በማንኪያ እያፈሰሰች፣ አንዱንም ቅጠል ሳታጣምም ትቀብረዋለች። አሸዋው እርጥበቱን ሲጨርሰው አበባው እንደ ወረቀት ቀልሎ ይወጣል። አራግፋ፣ መስታወት ቆራጩ በሠራላት ሳጥን ታሽገዋለች። እርጥበት የጠጣውን አሸዋ ደግሞ መልሳ እንድትጠቀምበት በትልቅ መጥበሻ ትቆላዋለች። ስለዚህ ምድጃዋ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም።

ግራ ጆሮዋ አይሰማም። ልጅ ሳለች አባቷ እናቷን ሲደበድብ መሃል ስትገባ ለእናቷ የተሰነዘረው ቡጢ የእሷን ጆሮ አገኘ። የጠየቃት ሰው ካለ ግን «በዚህ በኩል ሐሜት አይገባም» ብላ ትስቃለች።

አንዲት ወጣት ሙሽራ በሠርጓ ማግስት ነጭ ጽጌረዳዋን ታቅፋ እየሳቀች መጣችና ሰጥታት ሄደች። ልትወስድ ስትመለስ ግን ከባሏ ጋር ነበረች፤ በዚያ ሙቀት አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማለች። ባልየው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንደበቱ የለዘበ ሰው ነው።

«እማማ፣ ይሄ ነጭ አልነበረም እንዴ?» አለ ሳጥኑን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ።

«ነጭ ጽጌረዳ ሲደርቅ ትንሽ ቅቤ ቅቤ ይላል ልጄ። ስትሰጠኝም ነግሬያታለሁ።»

«እንዲያውም እንዲህ ሲሆን ያምራል» አለች ሙሽሪት ቀስ ብላ።

ሰውዬው ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዞር ብሎ በእጁ ጀርባ አፏን መታት። «አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

ልጅቷ ወደ ኋላ ተንገዳግዳ መደርደሪያው ላይ ወደቀች፤ የሌሎች ሙሽሮች ሳጥኖች እላይዋ ላይ ተንኮታኮቱ። እሱ ግን አልበቃውም። ፀጉሯን ጨምድዶ አነሳትና ፊቷን በተሰባበረው መስታወት ላይ ደፈቃት። ደሙ በደረቁት አበቦች ላይ ፈሰሰ።

«ተው! በፈጠረህ ተው!» አሸዋዬ ክንዱን ያዘች። በክርኑ ደረቷን ብሏት ግድግዳ ላይ ለጠፋት። ከዚያ በሁለት እጁ የሚስቱን ጉሮሮ አነቀ። የልጅቷ እግሮች ወለሉን ሲፍቁ ቆዩ፤ ኋላ መፍቃቸውም እየደከመ ሄደ።

አሸዋዬ እጇ የገባላትን አነሳች። የገባላት መጥበሻው ነበር። ጨርቅ የምትፈልግበት ጊዜ ስላልነበራት የጋለውን እጀታ በባዶ እጇ ጨብጣ አሸዋውን እንዳለ ፊቱ ላይ ገለበጠችበት።

ሰውዬው የጮኸው ጩኸት በደህናውም በማይሰማውም ጆሮዋ የገባ መሰላት። ዓይኑን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ስባሪ መስታወት አነሳና አየሩን እየቀደደ መጣባት፤ ትከሻዋን ሸረከተው። መስታወት ቆራጩ ጣውላ ይዞ የደረሰው ይሄኔ ነው። ምንም አልጠየቀም። ጉልበቱን ሰብሮ ጣለው።

ፖሊስ ጣቢያ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሙሽሪት ፊቷ ተሰፍቶ፣ መሬት መሬት እያየች፣ «ባሌ ምንም አላደረገኝም። አደናቅፎኝ ነው የወደቅሁት። ሴትዮዋ ዝም ብላ ነው አሸዋ የደፋችበት» አለች። አሸዋዬ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ታቅፋ እስር ቤት ገባች። የራሷ እናትም ድሮ ባሏን ለመክሰስ ሄዳ፣ «በሩ ነው የመታኝ» ብላ የተመለሰችበት ቀን ነበር። ስለዚህ በልጅቷ መፍረድ አቃታት፤ አቃታት እንጂ ንዴቱስ አንገቷ ድረስ ደርሶ ነበር።

በማግስቱ የሰውዬው ወንድሞች ሱቁን ሰብረው ገቡ። መደርደሪያውን ነቅለው ጣሉ፤ ሳጥኖቹን በጫማቸው ፈጩ። ሊከለክላቸው የወጣውን መስታወት ቆራጭ መሃል አስገብተው ጥርሱ እስኪረግፍ ቀጠቀጡት።

በዚያው ሰሞን ሙሽሪት ባሏን ልትጠይቅ ሆስፒታል ሄደች። ዓይኖቹ ታሽገው ጋደም ብሏል። «እጅሽን ስጪኝ» አላት። ሰጠችው። ዳበሳት፣ ዳበሳትና አንድ ጣቷን ለይቶ ያዘ። ወደ ኋላ ቀጨው። ስትጮህ ነርሷ እንዳትሰማ ነው መሰል ወደ ራሱ ሳባትና በጆሮዋ፣ «ይሄ ቀብድ ነው። ቤት ስንገባ እጨርስሻለሁ» አላት።

ልጅቷ ከዚያ አልጋ አጠገብ ተነስታ ሐኪም እንኳ አልፈለገችም። ጣቷ ተንጠልጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ሻርፗን ፈትታ አንገቷን አሳየች። «ፊት የተናገርኩት ውሸት ነው» አለች። «ያቺ ሴት ባትኖር ሬሳዬን ነበር የምታነሱት።»

አሸዋዬ ተፈታች። ሰውዬው አንድ ዓይኑን አጥቶ፣ እያነከሰ ወህኒ ወረደ፤ ወንድሞቹም ተከተሉት። ሱቋ ግን ወና ሆኖ ጠበቃት። ባለአበቦቹ ሴቶች እየመጡ ገሚሱ አለቀሱ፣ ገሚሱ እርግማን አወረዱባት። ለሁሉም «ይቅር በሉኝ» አለች። የቀኝ መዳፏ ጠባሳው ጨምድዶት ማንኪያ አልይዝ አለ፤ በግራ እጇ አሸዋ ማፍሰስን እንደ አዲስ ተማረች። ከሁሉም የከበዳት ግን የሰውዬው ጩኸት ነው፤ ወጥ ስታማስል፣ ፀጉሯን ስታበጥር ድንገት ይመጣባታል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሙሽሪት በሩ ላይ ቆመች።

«የኔስ አበባ?»

«ከሌላው ጋር ተጠርጎ ተጣለ የኔ ልጅ።»

«እሰይ» አለችና ገብታ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ዓይኑን ላጠፋው ብለው አስበው ነው?»

አሸዋዬ ደህናውን ጆሮዋን አዙራ አስደገመቻት። «አላሰብኩም» አለች። «እንዲለቅሽ ነው የፈለግሁት።»

«እኔ ግን አስቤ አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። «ተኝቶ እያየሁት። ብዙ ጊዜ።»

አሸዋዬ ወንበሯን ወደ ልጅቷ አስጠጋችና አጠገቧ ተቀመጠች።