ሹሙ ያስቀመጠልኝ መድኃኒት

ያሰሩን የሰሊጥ መጋዘን በነበረ ቤት ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ እንዲያ ያለ ደግ ሽታ እስር ቤት ውስጥ ይገኛል ብዬ አላስብም ነበር። በሲሚንቶው ስንጥቅ ሰሊጥ ቀርቶ ኖሮ በጥፍራችን እያወጣን እንቅም ነበር። ገዳሪፍ፣ የሱዳን ምሥራቅ፣ ሰሊጥ የከበረበት አገር ነው። ለሰሊጡ የተሻለ ቤት ሠርተውለት መሆን አለበት፣ የተረፈውን ለእኛ የሰጡን።

የያዙኝ ድንበሩ አጠገብ፣ ባሱንዳ፣ ከሣር ጎጆዬ ነው። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ሐበሻው ሁሉ ሰላይ ነው እየተባለ ቤት ለቤት ሲፈተሽ፣ ወታደሮቹ እኔም ዘንድ ደረሱ። የስኳር በሽተኛ ነኝ። ኢንሱሊኔን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ከውሃ እንስራው ሥር ነው የማኖረው፣ መብራት የለማ። ጆንያውን ፈተው ብልቃጧን አወጡ። የተለጠፈባት ወረቀት የአማርኛ ነው።

"ከማዶ ማን አመጣልሽ?" አሉኝ።

አልናገርም አልኩ። መኪና ላይ ጫኑኝ።

የምታመጣልን አንዲት ሴት ናት። መድኃኒቱ ከገዳሪፍ ሲጠፋ ወደ መተማ ተሻግራ በሻይ ፔርሙዝ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዛ ትመለሳለች። ለእኔ ብቻ አይደለም፤ መንደር 8 እስከሚሉት ሰፈር ድረስ በእሷ እጅ የሚኖር በሽተኛ አለ። እነሱ ግን ለታጣቂ መልእክት ታመላልሳለች ባዮች ናቸው። መልእክት! ከዚያች ሴት አፍ ቁጣ እንጂ ሌላ ነገር ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ሹሙ፣ ዛቢት የሚሉት፣ ልጅ እግር ነው። ቢሮው ማቀዝቀዣ አለ፤ ለዚያ ማቀዝቀዣ ሲባል ጓሮ ውስጥ ጄኔሬተር ሲያጓራ ይውላል።

"ሐቦባ" አለኝ፣ አያቴ ማለቱ ነው፤ "መድኃኒትሽን እኔው ራሴ አስቀምጬልሻለሁ። የሴትዮዋን ስም ተናገሪና እዚህ ወረቀት ላይ አውራ ጣትሽን አሳርፊ። መድኃኒትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።"

"አያትህንም እንዲህ ነው የምትጠይቃት፣ ልጄ?"

ሳቀ። ጥርሱ ያምር ነበር፤ ለማን እንደተሰጠ አይቼ አዘንኩ።

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። አብራኝ የታሰረች አንዲት የትግራይ ሴት ነበረች። ስኳሬ ከፍ ሲል ጥሙ ያዘኝ፤ አፌ እንደ ቁርበት ደረቀ። የጠጣሁት ሁሉ ወዲያው ይወጣል። መጸዳጃ ቤት የሚያመላልሰኝ ጠባቂ ተማርሮ ለጓደኛው፣ "እንዲህ የምትሸና ሰላይ አይቼ አላውቅም" ይለዋል። ሻይ ሲመጣልን ደግሞ ስኳር የለውም። የትግራይዋ ቀምሳ ፊቷን ቋጠረችና፣

"ኣደየ፣ በዚህ ቤት ስኳር ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው" አለችኝ።

ሳቅን። ሳቁም አደከመኝ።

መድኃኒት የምታመጣልንን ሴት ስም ብሰጥ አንዲት ብልቃጥ አገኛለሁ። ብልቃጧ ያለቀች ዕለትስ? የመንደር 8 ሰዎችስ? ነገሩ ይኸው ነው፣ ለማሰብ የሚከብድ አይደለም። ሰውነቴ ግን ሌላ ነገር ይለኝ ነበርና አዳሬን ከእሱ ጋር ስሟገት ነጋ።

ሲጠሩኝ እግሬ እምቢ ብሎ ደግፈው ወሰዱኝ።

"ተናገሪ" አለ ሹሙ።

"መጀመሪያ መድኃኒቴን ልየው።"

ማቀዝቀዣውን ከላይ በኩል፣ በረዶ በሚጋገርበት ከፈተ። ከሥጋው ሥር ጎትቶ አወጣት። ብልቃጧ ሽበት ያወጣች ይመስል ነጭ በረዶ ለብሳለች። በመዳፌ ይዤ ነቀነቅኳት። ውስጧ አይንቀሳቀስም፤ ድንጋይ ሆኗል።

ያቺ ሴት ብልቃጥ በሰጠችን ቁጥር የምታስጠነቅቀን ይህንኑ ነበር፦ ይቀዝቅዝ እንጂ በረዶ አይሁን፤ በረዶ ከሆነ ሞቷል፤ ሲቀልጥ ደህና መስሎ ያታልላችኋል፣ ጣሉት።

"ይሄ እኮ ሞቷል" አልኩት።

"ምኑ?"

"መድኃኒቱ። በረዶ ገደለው። እስከ ዛሬ ሬሳ ነው የጠበቅክልኝ።"

"እንዲቆይልሽ ብዬ ነው እንጂ!" አለ፣ ከልቡ።

ነፍስሽን በእጄ ይዣለሁ የሚለኝ ሰው ይሄ ነው እንግዲህ። ፍርሃቴ ወጣ። በቦታው የገባው ንቀት ነበር፤ ንቀት ደግሞ ቀላል ነገር ነው፣ ወገብ ያቀናል።

"አምጪ" ብሎ እጁን ዘረጋ። "አንቺ ባትፈልጊው ገበያ ላይ የሚፈልግ ሞልቷል።"

እውነቱን ነው፣ ሞልቷል። ሲቀልጥ ማን ያውቀዋል? አንዱ ምስኪን ተወግቶ፣ ዳንኩ ብሎ ይተኛል። ብልቃጧን ከጠረጴዛው የብረት ጠርዝ ጋር አጋጨኋት። አቅም የለኝምና አልተሰበረችም። ደገምኩ። ስባሪውን ከነበረዶው ሰብስቤ ለአውራ ጣቴ ያዘጋጀው ወረቀት ላይ አኖርኩለት።

"በል ልጄ፣ አሁን የምትሰጠኝም የምትከለክለኝም ነገር የለህም።"

እጁን ለጥፊ አነሳ። ጠባቂው ጣራ ጣራውን አየ። ሹሙ እጁን አወረደና፣ ያልቆሸሸውን እጅ በሱሪው ጠረገው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቁርጥራጭ ነው። የትግራይዋ ነጠላዬን ውሃ እየነከረች ግንባሬ ላይ ስታደርግ፣ በሩን በጡጫ ስትደበድብ ትዝ ይለኛል። አሮጊት ሞታባቸው እንዳይጠየቁ ይመስለኛል፣ ሆስፒታል በር ላይ አራግፈውኝ ሄዱ። የጫነኝን መኪና ሞተር እንኳ አላጠፉም። ውስጥ ያሉት አዳኑኝ።

ዛሬም ባሱንዳ ነኝ። ያቺ ሴት ዛሬም ትሻገራለች። ሰው ስለ አንቺ እየጠየቀ ነውና መንገድ ለውጪ አልኳት፤ አሁን በቁረይሻ በኩል ትዞራለች። ስለ ሹሙና ስለ ወረቀቱ አልነገርኳትም። ያን ጊዜ ብልቃጤ ገና ማለቅ አልነበረባትምና፣ "የት አደረጓት?" ስትለኝ፣

"ሰበርኳት" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒት በሰጠችኝ ቁጥር በጨርቅ ላይ ጨርቅ ደርባ ትጠቀልልና ቁጣዋን ትጀምራለች፦

"እማማ፣ አንቱ እጅዎ አይታመንም። እኔ በስንት መከራ የማመጣውን! ሁለተኛ ሰበርኩ ቢሉኝ ዓይንዎን አላይም፣ ብያለሁ።"

"እሺ ልጄ፣ እጠነቀቃለሁ" እላታለሁ።