የኋላ መብራቱና የእናቴ ዝንጅብል

ትናንት ምሽት አሠሪዬን በፒካፕ ልጨፈልቃቸው ነበር... ያውም እንዳልጨፈልቃቸው ብዬ ባሰራሁት መብራት።

ኮሮና ከሆቴል ሹፍርናዬ ሲያፈናቅለኝ ያነሱኝ እትዬ ስንዱ ናቸው። ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ የካርጎ መጋዘን አላቸው። እኔ ከዱባይ ሳትዋ እስከ አጅማን እየዞርኩ እህቶቻችን ለቤተሰብ የሚልኩትን ካርቶንና ሻንጣ እሰበስባለሁ። ቪዛዬም በሳቸው ነው። የዚህን ትርጉም እዚህ አገር ያለ ሰው ያውቀዋል፦ እሳቸው ካባረሩኝ አገሩንም ለቅቄ እወጣለሁ።

ችግሩ ምሽት ላይ ወደ ኋላ ስነዳ ምንም አይታየኝም። በሁለት ሳምንት ውስጥ መጀመሪያ የመጋዘኑን በር፣ ቀጥሎ የቆሻሻ ገንዳ፣ ከዚያ ደግሞ የቆመ ፎርክሊፍት ገጨሁ። ፎርክሊፍት እኮ ቢጫ ነው!

በሦስተኛው እትዬ ስንዱ አልጮሁም። ያስፈራኝም እሱ ነው።

«ወንድሜ፣ አንዴ ከደገምክ ቁልፉን እዚህ ታስቀምጣለህ። ኸላስ፣ አበቃ!» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ጥፋት ሲገኝብኝ ዕቃ መውቀስ እወዳለሁ። የኋላ ማርሽ መብራቱ ነው፣ ደክሟል አልኩ። በማግስቱ ከመጋዘናችን ጎን ወዳለው ሽማግሌ ፓኪስታኒ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መኪናውን ወሰድኩት።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ መናገር አለብኝ። ኮሮና ከገባ ጀምሮ በየማለዳው ከደብረ ማርቆስ ድምፅ ትልክልኛለች። «ልጄ፣ መስኮት እንዳትከፍት፣ ብርድ ይመታሃል። ያንን የመኪና ማቀዝቀዣም አደራ እንዳትነካ፣ በሽታውን የሚያመጣው እሱ ነው። ዝንጅብሉን እየታጠንክ ንዳ።» እኔም እታዘዛለሁ። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ አፍልቼ፣ ፔርሙዙን ክዳኑን ከፍቼ ከማርሹ ጎን አስቀምጣለሁ። መስኮት ተዘግቶ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ ማስክ አፍንጫ ላይ... እንዲህ ነው የምነዳው።

ሽማግሌው መኪናውን ዞረው አዩና የኋላ ማርሽ አስገባ አሉኝ። መብራቱ ቦግ አለ።

«ሰዲቅ፣ ላይት ማፊ ሙሽኪላ» አሉኝ። ወዳጄ፣ መብራትህ ምንም አልሆነም ማለታቸው ነው።

ከዚያ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ፔርሙዙን አዩት፣ መስታወቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ኤሲ ኸራብ?»

አልተበላሸም፣ እኔ ነኝ የማልከፍተው አልኳቸው በኩራት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊያስረዱኝ ሲሞክሩ እኔ መደርደሪያው ላይ ያለውን ትልቁን ኤልኢዲ እያየሁ ነበር። ከባምፐሩ ሥር ሁለት አሰሩልኝ፣ የፋብሪካውንም አምፖል ቀየሩልኝ። ፎቶ አንስቼ «ከእንግዲህ ለእኔ ሌሊት የለም» ብዬ ለጠፍኩ። እናንተም ላይክ አድርጋችኋል፣ አሁን አትካዱ።

ትናንት ምሽት እንግዲህ ወደ ኤርፖርት የሚሄድ ጭነት ነበር። ያ በላስቲክ የሚታሸገው ወፍራም ብርድ ልብስ መጋዘኑ ደጅ ላይ ተቆልሏል። እትዬ ስንዱ ስለማያምኑኝ ራሳቸው ከኋላ ቆመው መንገድ ሊያሳዩኝ ወጡ።

«ና... ና... ና...»

የኋላ ማርሽ አስገባሁ። አዲሱ መብራት በራ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ፣ ወተት የተደፋበት ይመስል። በር የለም፣ ግድግዳ የለም፣ እትዬ ስንዱ የሉም። እኔ ሞኙ ደግሞ «ብርሃን ማለት እንዲህ ነው!» ብዬ ቀጠልኩ። «ቁም!» ብለው ነበር አሉ። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ማን ይሰማል?

ከዚያ መኪናው አንድ ለስላሳ ነገር ነካ... እፍ።

ፍሬን ያዝኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም። ቪዛውም ሥራውም ከጭንቅላቴ ጠፋ። ድምፃቸውን ብቻ ነበር መስማት የፈለግኩት። የእጅ ፍሬኑን ስቤ በሩን ከፍቼ ወደ ኋላ ሮጥኩ።

እትዬ ስንዱ ከብርድ ልብሱ ክምር ላይ በጀርባቸው ወድቀዋል። አንድ ጫማቸው የለም፣ ማስካቸው ከአንድ ጆሯቸው ላይ ተንጠልጥሏል። መኪናው ከእግራቸው አጠገብ የነበረውን እሽግ ጨምድዶ ቆሟል።

«እትዬ! ተረፉ?»

«አንተን ሳልቀብርማ የትም አልሄድም!»

ይህን ስሰማ በደስታ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን ጫማቸውንም ሳይፈልጉ ቀጥታ ወደ መኪናው ሄዱ። ክፍት በተውኩት በር አንገታቸውን ሲያስገቡ የዝንጅብሉ እንፋሎት ፊታቸው ላይ ወጣ።

«በስመ አብ! ይኼ መኪና ነው ወይስ ወሸባ?»

በሻርፓቸው እንፋሎት የሸፈነውን የኋላ መስታወት ከውስጥ ጠረጉት። ውጪው ጥርት ብሎ ታየ፦ በሩ፣ ብርድ ልብሱ፣ የጠፋው ጫማ ሳይቀር። የፊቱን መስታወት በየትራፊክ መብራቱ በፎጣ እየጠረግኩ ስነዳ የከረምኩት ሰውዬ፣ የኋላውም ያው መስታወት መሆኑ አንድ ቀን ትዝ አላለኝም።

ሽማግሌው ፓኪስታኒ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። መስታወቱን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«ላይት ማፊ ሙሽኪላ» አሉና ተመለሱ።

እትዬ ስንዱ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን።»

ከመኪናው ነቅዬ ሰጠኋቸው። አለቀልኝ ብዬ ቆሜያለሁ። እሳቸው ገብተው ሞተሩን አስነሱና ሁለቱንም መስኮት እስከ ታች አወረዱ። ከዚያ ወርደው ቁልፉን መለሱልኝ።

«ይኼ መስኮት ተዘግቶ ካየሁ ዋላሂ ካርጎ አድርጌ ነው ለእናትህ የምልክህ። ያላ፣ ቶሎ ጫን!»

ፔርሙዙን ግን አልመለሱልኝም። ድንጋጤ ላይ ጥሩ ነው ብለው ጠጡት።

ዛሬ ሁለቱንም መስኮት ከፍቼ ስነዳ ዋልኩ። እናቴ መንገድ ላይ ደወለች። «ልጄ፣ ምንድን ነው የሚነፍሰው? መስኮቱ ዝግ ነው አይደል?»

«ዝግ ነው እማዬ» አልኳት... እናቴን የምታውቁ፣ አደራ፣ ብትጠይቃችሁ ዝግ ነው በሏት።