ድንጋይ የተሸከመው ሙሽራ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ተማሪ ሳለሁ የተጫወትኩት ትያትር ኮሜዲ ነበር፤ የፈሰሰኝ ደም ግን የእውነት ነው።

ከጥንት የመጣ የውጭ አገር ተውኔት ነው። ሁለት ጥንዶች አሉበት፤ አንደኞቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲሰዳደቡ፣ ሌሎቹ «ዓይኔ»፣ «ሆዴ» ሲባባሉ። ሆዴ የምትባለው ሙሽሪት እኔ ነበርኩ። ሙሽራው ደግሞ በእውነትም የወንድ ጓደኛዬ፤ እንደተመረቅን ሽማግሌ ሊልክብኝ የቆረጠ። በታሪኩ የሰው ወሬ ሰምቶ በሠርጓ ቀን ያዋርዳታል፣ በጥፊ ይመታታል። ኋላ ውሸት መሆኑን ሲያውቅ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ትምረዋለች፣ ይጋባሉ።

በተሳዳቢዎቹ እቀና ነበር። ምላሳቸው እሬት ነው፤ እጃቸው ግን አይነሳም። የእኔው ማር ግን የተከራየኋት ክፍል እየመጣ «ከማን ጋር ነው ስትገለፍጪ የነበረው?» እያለ ከግድግዳ ጋር ያላትመኝ ነበር። አንዴ ጣቴን በበር ቀረቀረው። አንዴ አንገቴን አንቆኝ በቃ ሞትኩ ብያለሁ። በማግስቱ ይንበረከካል፤ እኔ ጅሏም እምር ነበር!

አዘጋጁ የጎንደር ሰው እንዲገባው ብሎ ይቅርታውን በአገራችን ወግ አደረገው። ሙሽራው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ አጎንብሶ ይመጣል፣ እኔ አወርድለታለሁ።

የትያትሩ ቀን አባቴ ጎረቤቶቹን አስከትሎ ከትውልድ መንደሬ ከትክል ድንጋይ መጣ። ትያትር የሚባል አይተው አያውቁም። ጥፊው የውሸት መሆን ነበረበት። ጓደኛዬ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ተሳዳቢውን ከሚጫወተው ልጅ ጋር ስስቅ አይቶኝ ኖሮ ባለ በሌለ ኃይሉ አጮለኝ። ከንፈሬ ተተረተረ፣ ወደቅኩ። ሰዉ ሳቀ! ደሜን እየዋጥኩ ቃሌን ተናገርኩ።

መጨረሻ ላይ ድንጋዩን ተሸክሞ ሲገባ የአባቴ ጎረቤቶች ከወንበራቸው ብድግ አሉ። በእኛ አገር ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እያዩ መቀመጥ ነውር ነው። አባቴ በአገሩ ደም የሚያደርቅ፣ ባለደም የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ ከዘራውን ይዞ መድረኩ ላይ ወጣ።

«ኧረ አያ፣ ጨዋታ ነው!» አለ አዘጋጁ። ማን ሰምቶት!

«አንተ ልጅ፣ ምን አጠፋህ?» አለው አባቴ። «ድንጋይ የተሸከመ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል።»

ሙሽራው የተውኔቱን ቃል ጀመረ፤ «የሰው ወሬ ሰምቼ...»

አባቴ አገጬን ይዞ ቀና አደረገኝ። «ምነው ልጄ፣ ይኼ ቀለም ነው?»

«ደም ነው አባባ» አልኩት። ከዘራውን ሲያነሳ የልጁን ራስ የሚፈልጠው መስሎኝ ነበር። ግን መልሶ ወለሉን መታበት።

«ተናገር!»

«መታኋት» አለ ልጁ።

«ስንቴ?»

ልጁ ድንጋዩን በጫንቃው ላይ አመቻቸ።

«አላስታውስም።»

እኔ ግን እያንዳንዷን አስታውሳለሁ፤ ቀኗን ከነሰዓቷ። አንዷን እንኳ አለመያዙ ከጥፊው ይልቅ አንገበገበኝ።

«ማሪው ልጄ፣ ማሪው!» አሉ ጎረቤቶቹ። ድንጋዩን አወረድኩለት። «ይቅር ለእግዜር» አልኩ፣ ከልቤ። ፈገግ ብሎ እጄን ሊይዝ ተጠጋ፤ በተውኔቱ ከዚህ ቀጥሎ ሠርግ ነበር።

«ምሬሃለሁ» አልኩት፤ «አላገባህም።»