በአጋሮ ፀሐይ የተሰጣ ኮፈን

ታናሽ ወንድሜ ለሥራ ወደ ኩዌት ሲሄድ መኪናውን ለእኔ አደራ ሰጠኝ። የመረጠኝ ስለሚያምነኝ ሳይሆን መንዳት ስለማልችል ነው። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ኮፈኗ ግን ካርቦን ፋይበር ነበር። እንደ ሰሌን የተጠላለፈ ጥቁር ክር በሙጫ ደርቆ፣ ከላዩ መስታወት የመሰለ ክሊር የተቀባበት ነገር ነው። ለእሽቅድድም መኪና ክብደት ይቀንሳል ይላሉ። ከጅማ አጋሮ ባለው መንገድ ወንድሜን ተወዳድሮት የሚያውቀው የቡና ጭነት መኪና ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞታል። ይህንን ስነግረው፣ «እኔ ያንን ሁሉ መጽሐፍ ምን ያደርግልሃል ብዬ ጠይቄህ አውቃለሁ?» አለኝ። ጠይቆኝ አያውቅም።

ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር የተከራየሁት ቤት መኪና የሚያስገባ በር ስላልነበረው፣ መኪናዋን አጋሮ ላሉት የአባታችን ወዳጅ፣ ለሐጂ፣ ሰጠኋቸው። ሐጂ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ግቢያቸው ሰፊ ነው። ከዚያ ረሳኋት። ወንድሜ ደውሎ ሊያገባ እንደሚመጣና ሙሽራዋን በዚያችው መኪና እንደሚወስድ ሲነግረኝ ነው አጋሮ የሄድኩት።

ኮፈኑ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። መሐሉ ላይ የዓይን ሞራ የመሰለ ነጭ ነገር ጋርዶታል።

«ኢልማ ኮ፣ የእኔ ልጅ፣ እንደ ዓይኔ ነው የያዝኳት» አሉኝ ሐጂ። «ማታ ጤዛ እንዳይነካት በላስቲክ እሸፍናታለሁ። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ እገልጣታለሁ። አንድ ቀን ዘንግቼ አላውቅም፣ ወላሂ።»

የዚያን ጊዜ ገባኝ። ሰውዬው መኪናዋን እንደ ጀንፈል ቡና ፀሐይ ላይ አስጥተዋታል። ግቢያቸው ውስጥ አንድ ዛፍ የለም፤ ቡና በሚሰጣበት ቦታ ጥላ አይፈለግም። ኮፈኑ ቡና ቢሆን ኖሮ አንደኛ ደረጃ ይወጣለት ነበር።

«ምነው? ጥፋት አለ?»

«የለም፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። የወንድሜን ሙሽራ ቤተሰብ ሽማግሌ ሆነው የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ወንድሜ ኮፈኑን በዚያ መልኩ ቢያየው በሠርጉ ሰሞን ማንን እንደሚያኮርፍ ግልጽ ነበር።

ሾፌር ቀጥሬ መኪናዋን ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር አጠገብ ወዳለ ጋራዥ አስወሰድኳት። ቀለም ቀቢው አንዴ አይቶ ፈረደ።

«ጋሼ፣ ጥቁር ቀለም ልቀባው። ጥቁር ያው ጥቁር ነው።»

«ወንድሜ ያውቀዋል።»

«ሙሽራ ኮፈን አያይም፣ ማሎ እባክዎ።»

እኔ ግን ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ አንብቤ ነበር። ፀሐይ አስቀድማ የምትበላው ክሊሩን ነው። ጉዳቱ እዚያ ላይ ከቆመ ክሊሩ ተፍቆ እንደገና ይቀባል፤ ክሩን ወደያዘው ሙጫ ከዘለቀ ግን ኮፈኑ አለቀለት። መለያው ውሃ ነው። ባልዲ አስመጥቼ ደፋሁበት። ሞራው ጠፋና ጥቁሩ ሰሌን ጥርት ብሎ ታየ። ሲደርቅ ደግሞ ተመልሶ ደበዘዘ። ጉዳቱ ላይ ላዩን ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ እርጥብ እንዳለ ይሞሸራ» አለ ቀቢው።

በማሽን እንዳይፍቀው ለመንኩት። በእጁ፣ ውሃ እያፈሰሰ፣ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ጀመረ። የሚወርደው ውሃ ወተት እስከመሰለ ድረስ የሚፋቀው ክሊሩ ነው፤ ከጠቆረ ክሩን ነክተናል። ከራሱ በላይ ቆሜ ውሃውን እጠብቃለሁ።

«ጋሼ፣ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ላብዎት እየተንጠባጠበ ነው።»

ጠርዙ ላይ ሲደርስ ውሃው ጠቆረ። ቀቢው እጁን አነሳ። ከዚያ መዳፉን ገልብጦ አየና ሳቁ ጋራዡን ሞላው።

«ግራሶ ነው! የእጄ ግራሶ!»

እኔም እየሳቅኩ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ የሚችል ክሊር ከአዲስ አበባ አስመጣን። ቀቢው ደጋግሞ ነፋው፣ ሲደርቅ ወለወለው፣ ሰም ቀባው። ብርጭቆ መሰለ። መኪናዋን አጋሮ መልሼ ለሐጂ እንዴት እንደምነግራቸው ሳሰላስል ቆይቼ፣ «መኪናዋ ከእንግዲህ ጥላ ትወዳለች፤ ላስቲክም ያፍናታል፣ ጨርቅ ይሻላታል» አልኳቸው። ኮፈኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«እንደ ቡናው ተክል ናታ!» አሉ። «ጥላ የሚወደው ተክሉ ነው። እኔ እንደ ፍሬው ይዣታለሁ። መጀመሪያውኑ አትነግረኝም?»

በእጃቸው እየገፉ መጋዘናቸው ውስጥ አስገቧት።

ወንድሜ እንደመጣ ሐጂ ራሳቸው የመጋዘኑን በር ከፈቱለት። ጨርቁን ገፈፈና ኮፈኑን በመዳፉ ዳሰሰው። እኔና ሐጂ ተያየን። ዞሮ ወደ ኋላ ሄደ፣ ጎንበስ አለ።

«ይሄ ጎማ ለምን እንዲህ ተነፈሰ?» አለ ተቆጥቶ።

«ስለ ጎማ የነገረኝ ሰው የለም» አሉ ሐጂ።

ወንድሜ ስለ ጎማው ሲነጫነጭ ዋለ። እንደዚያ ቀን ጭቅጭቁን በደስታ ሰምቼለት አላውቅም።