ደርበው ማተቡን የረሳበት ቦታ

በካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ሳድልታውን በተባለው ባቡር ጣቢያ አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷ ጠፍታባት ትጮኻለች። ሰው ከቧታል። አንዱ ስልክ ይዘረጋላታል፣ አንዷ ከረሜላ ታቀርብላታለች፤ ልጅቱ ይባስ ወደ ግድግዳው ትሸሻለች። ደርበው ግን ራቅ ብሎ በረዶው ላይ ቁጢጥ አለና ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዞረ። አላያትም፣ አልጠራትም። ጥቂት ቆይቶ ጩኸቷ ወደ ሳግ ወረደ፤ ከዚያ ራሷ ተጠግታ የካፖርቱን እጅጌ ጨበጠች። እናቷ እየሮጠች እስክትደርስ ድረስ ጉልበቱ እያመመው እንደዚያው ቆየ። በአጋጣሚ እዚያው ባቡር እየጠበቅሁ ባልሆን ኖሮ ማንም አይነግረኝም ነበር።

ይህን ትዕግሥት ያስተማሩት አሳማዎች ናቸው።

ደርበው አገር ቤት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ካልጋሪ መጥቶ ብዙ ዘመን ታክሲ ነዳ፤ ወገቡ እምቢ ሲለው ከከተማ ውጭ እርሻ እየዞረ የአሳማ ግልገሎችን አያያዝ የሚመረምርበት ሥራ አገኘ። ከጡት የተለዩት ግልገሎች ርቧቸው፣ በርዷቸው ወይም ሰው ፈርተው እንደሆነ አይቶ ነጥብ ይሰጣል። ጉረኖ ገብቶ ዝም ብሎ ይቆማል። በደህና የተያዙ ከሆኑ መጥተው ቦቱን ያሸታሉ፣ የሱሪውን ጫፍ ያኝካሉ። ክፉ እጅ የለመዱት ጥግ ይዘው ይደራረባሉ።

ሥራውን ለአበሻ አይናገርም። “እርሻ ላይ ነኝ” ብሎ ያልፋል። የምታውቀው ልጁ ሃሌሉያ ብቻ ናት።

“ዳዲ፣ ጀስት ንገራቸው። ሼም የለውም እኮ።”

“አንቺ እዚህ ተወልደሽ ነዋ። እኔ የምኖረው ከሰው ጋር ነው።”

ሰው የሚለው የሚካኤል ማኅበርተኞቹን ነው። ሚስቱ ሮሚ በሕይወት ሳለች ጽዋውን የምታነሣው እሷ ነበረች። ሆስፒታል ተኝታ፣ “ተራዬ እንዳይታጎል” አለችው፤ ማለላት። ከዚያ ወዲህ የእሷን ተራ እየደገሰ፣ ጽዋውን በስሟ ሲያነሣ ኖሯል። ከእሷ የቀረው ነገር ይኸው ነው ብሎ ያምናል።

አሳማ ቤት የሚገባ ሰው አስቀድሞ ይታጠባል። ልብሱን እስከ ካልሲው አውልቆ፣ ገላውን ለቅልቆ፣ የእርሻውን ልብስ ይለብሳል። ሲወጣም ታጥቦ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ከውጭ በሽታ ይዞባቸው እንዳይገባ ነው። ቀለበት አይገባም፣ ሰዓት አይገባም፣ የአንገት ክርም አይገባም። ስለዚህ ደርበው ሁልጊዜ አማትቦ፣ “ይቅር በለኝ” ብሎ ማተቡን ያወልቅና ልብስ መቀየሪያው ክፍል ካለው ማንጠልጠያ ላይ ይሰቅለዋል።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት ጧት የሄደበት እርሻ ማሞቂያው ሰንፎ ነበር። ግልገሎቹ ተቆልለው ይንቀጠቀጣሉ፤ ከላይ ያሉት ወደ ውስጥ ለመግባት ከታች ያሉትን ይረግጣሉ። ጭራቸው ተነካክሶ ደምቷል። አሳማ ሲጨንቀው የጓደኛውን ጭራ ይነክሳል፤ ደም ከታየ ደግሞ ያልተጨነቀውም ይነክሳል። ደርበው ቆሞ ጠበቀ። አንድም ወደ እሱ አልመጣም። ባለፈው ጊዜም ይህንኑ ጽፎ ነበር፤ ከሌላው ነጥብ ጋር ተደምሮ እርሻው ምርመራውን አለፈ። አሁንም እንደሚያልፍ ያውቃል። ቢሆንም ጻፈ። ታጠበ፣ ለበሰ፣ ልቡ እዚያው ጉረኖ እንደቀረ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ነዳ።

ማኅበሩ ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር፣ በማኅበሩ መሪ፣ በሙሴው በጋሼ አባይነህ ቤት ነበር። ተበላ፣ ተጠጣ፤ ቀጣዩ ተረኛ ደርበው ነውና ጎንበስ ብሎ ጽዋውን ተቀበለ። ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ሸዋወርቅ፣ አንገቱን አየችው።

“ደርበው፣ ማተብህስ?”

“ረስቼው ነው።”

“ማተብ ደግሞ የት ይረሳል? አዲስ ሚስት አስፈታችህ መሰል።”

ሰው ሳቀ። ደርበውም ስቆ ማለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ጽዋው በእጁ ነው፤ ጽዋ ይዞ መዋሸት አልሆነለትም።

“አሳማ ቤት ነው የረሳሁት” አለ።

“የምን ቤት?” አሉ ጋሼ አባይነህ።

ሥራውን ነገራቸው። እንዴት እንደሚታጠብም ነገራቸው።

“እና ማተብህ አሁን ከአሳማ ጋር ተሰቅሏል?”

“ልብስ መቀየሪያው ክፍል ነው ጋሼ። አሳማዎቹ እዚያ አይደርሱም።”

“እስከ ዛሬ ስንበላ የነበረውስ? በዚሁ እጅህ ነው የደገስከው?” አለች ሸዋወርቅ፤ አሁን አትስቅም።

ጋሼ አባይነህ ተነሥተው ጽዋውን ቀስ ብለው ከእጁ ወሰዱ። “ለጊዜው እዚሁ ይሰንብት” አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

በሳምንቱ ቄሱ አዲስ ማተብ አሰሩለት፤ ሥራው ኃጢአት እንዳልሆነም ነገሩት። ይህንኑ ለማኅበርተኞቹ ተናገሩ። ሆድ ግን የቄስ ቃል አይሰማም። ደርበው ለጋሼ አባይነህ ደወለ።

“ይህችን ተራ ብታልፋትስ? ለአንተው ብዬ ነው ልጄ” አሉት። “ደግሰህ የሚነካው ቢጠፋ ታዝናለህ።”

“እርስዎስ ይመጣሉ?”

“ሴቶቹን ማን ያሳምናቸዋል?”

“እርስዎን ነው የጠየቅሁት ጋሼ።”

ጋሼ ስለ ብርዱ አነሡ።

ሥራውን ልልቀቅ ቢል የቤት ኪራዩ አለ፤ ቢለቅስ ከማኅበርተኞቹ ማን ይመለስለታል? ለቀን እንጀራው ዛሬም ተመስገን ይላል። ያ እርሻም እንደ ፈራው አልፏል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመኪናው አጠገብ ጠበቀኝ። ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ነው የቆመው፤ አሁን አሁን የሚቆመው እንደዚያ ነው።

“እህት ዓለም፣ አንቺም የማኅበራችንን ጽዋ ታነሻለሽ” አለኝ። “ከጋሼ ቤት አንቺ ተቀበዪልኝ፤ አንቺ ቤት ይሁን። ዳቦውንም መጠጡንም ገዝቼ ሃሌሉያ ታመጣልሻለች፣ እጄ አይነካውም። የሮሚ ተራ ነው አትበያቸው። እኔም አልመጣም። ተራዋ ብቻ እንዳይታጎል። ታደርጊልኛለሽ?”