ፖሊሱ ላይ የጣልኩት ነጠላ

እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ልጄ «እማዬ፣ አንቺ እኮ የባቡር ተቆጣጣሪ ነሽ» ትለኛለች። ያን ቀን በስደት ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከቫይትቬት፣ በባቡር ተነሥቼ ቶየን አደባባይ ስወርድ፣ ጎረቤታችንን፣ የወሎውን ባለታክሲ፣ ሁለት ፖሊሶች በደረቱ አስተኝተውታል። መኪናህን አንሣ ቢሉት ተከራክሮ ነው አሉ።

እጁ ወደ ኋላ ታስሯል። አንደኛው ፖሊስ ጉልበቱን ማጅራቱ ላይ ተክሏል። ያገሬ ሰው ጥርስ አስፋልቱን ሲፍቅ ሰማሁ፤ የአፍንጫው ደም ጢሙ ውስጥ ገባ። «እማማ፣ ትንፋሼ» አለኝ።

እኛ ዘንድ ወንዶች ሊገዳደሉ ሲሉ እናት ነጠላዋን መሐላቸው ትጥላለች። እሱን የረገጠ እናቱን ረገጠ ማለት ነው፤ የተነሣ ዱላ ይወርዳል። እኔም ገፍፌ ጣልኩት። ፖሊሱ ራስ ላይ አረፈ። እሱ ምኑን ያውቀዋል? ከኋላ ያነቁት መስሎት በክርኑ ደረቴን አለኝ። ወደቅሁ፤ የእጄ አንጓ ቀጭ አለ። የፖሊሱ ጉልበት ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ሰመጠ። ጎረቤቴ መንፈራገጡን ተወ።

አልሞተም። ግን ፖሊስ መትተሃል ተብሎ ተከሰሰ። ከተፈረደበት የታክሲ ፈቃዱን ይነጥቁታል፤ አራት ልጆቹ በልተው የሚያድሩት በዚያች መኪና ነው።

የፖሊስን ጥፋት የሚመረምሩት ለምስክርነት ጠሩኝ። መርማሪዋ ወረቀት ገለጠች፤ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ መለሰልኝ።

«ፖሊሱ የኃይል አጠቃቀም ፈተናውን ዘንድሮም አልፏል። ማረጋገጫው ይኸው።»

«ሲፈተን ከጉልበቱ ሥር ማን ነበር?» አልኳት።

«ባልደረባው።»

«ሲብስበትስ?»

«ወለሉን መታ መታ ያደርጋል። ያኔ ይለቀዋል።»

«የኔ ጎረቤት በምን እጁ ይምታ? ጉልበቱ ሳያርፍበት በፊት ነው የታሰረው።»

ጻፈችው። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀችኝ፤ ፖሊሱ ይበልጥ የተጫነው ነጠላው ፊቱን ከሸፈነው በኋላ ነው ወይ? መዋሸት እችል ነበር።

«ጃ» አልኩ፣ አዎ ለማለት፣ በራሳቸው ቋንቋ። «እኔ ግን ይነሣለት ብዬ ነው።»

እጁ የታሰረ ሰው አይማታም ተብሎ የጎረቤቴ ክስ ቀረ። ፖሊሱም ዓይኑ ተሸፍኖ ነው ተብሎ ሥራው ላይ ነው። ነጠላዬን በፕላስቲክ አሽገው መለሱልኝ፤ ጥለቱ ላይ የጫማ ዱካ አለ።

ጎረቤቴ ዛሬም መንገድ ላይ ካገኘኝ በታክሲው ያሳፍረኛል። አንገቱ እንደ ልቡ ስለማይዞርለት በመስተዋቱ ነው የሚያየኝ።

«እማማ፣ ሌላ ጊዜ ነጠላዎን እዚያው ትከሻዎ ላይ ይተዉት» ይለኛል። «ይበርድዎታል።»